ዋና

ዋና ከተማችን ሊዋኝ ብሎ ወጣ፣
ፎጣውን አንግቶ፤ እስከዛሬ አልመጣ።

እንዲህ ነው የምለው፣ ወንበሩ ሲሞላ፣
ሞተር አስነስቼ፣ በመስታወት ሳይ ወደኋላ።
ጃንሱግ ነኝ፣ ሹፌር ነኝ፤ ቀኔን ስከፋፍል
ምጽኬታን ከትብሊሲ ስድስቴ ሳቀባብል።
ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ጎማ ካልተነፈሰ፣
ካሮጌው ዙፋን ስር አዲሱ ተደረሰ።

ንጉሥ ነበር፣ ይላሉ፣ ካገራችን ወርዶ
ዱር ለዱር የዋለ፣ ቆቅ በጭልፊት አሳድዶ።
ሁለቱም ከሰማይ ፍል ውሃ ላይ ወደቁ፣
እሱ ሮጦ ሲደርስ በስለው ጠበቁ።
ሌላ ሰው ቢሆን በልቶ ይመለስ ነበር፤
ንጉሥ ግን ሲጠግብ ይቆረቁራል አገር።
ገላውን ነከረ፣ ውሃው ሞቀውና
«ዙፋኔን አምጡልኝ» አለ እዚያው ሆነና፤
ለዋና የሄደው ሆኖ ቀረ ዋና።

እኛም ልብስ ጠባቂ ሆነን ቀረን፣
ሺህ አምስት መቶ ዓመት፣ ዳር ላይ።

አክስቴ ማቅቫላ ካቴድራሉ በር ላይ
ገውዝ ሰክታ በክር፣ ወይን አልብሳ ስትታይ፣
አንዱ ቱሪስት መጥቶ፣ ጧፍ መስሎት ገዛና
ክብሪት ጫረ፣ ሊያበራ፣ ለጸሎት ቆመና።
«ግዴለህም፣ ልጄ፣ ብላው» አለች ማቅቫላ፣
«ጸሎቱም ይደርሳል፣ ሰው ሲጠግብ፣ ኋላ።»

ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ቀና በሉ፣ እላለሁ፤
ከድንጋይ የወጣ አንድ እጅ አሳያለሁ፣
ማዕዘን መለኪያውን እንደጨበጠ የቀረ።
የግንበኛው ነው፣ ይላሉ፤ ጌታው ቀንቶበት
ሌላ እንዳይሠራ እጁን ቆረጠበት።
እውነት ይሁን ውሸት ድንጋዩ አልተናገረም፤
እጁ ግን ትብሊሲ አብሮ አልተሻገረም።
ዙፋን ተሸከሙ፣ ግምጃ ቤቱን ጫኑ፣
እጁን ረስተውት፤ እዚሁ ነው፣ ከነጎኑ።

ከጅቫሪ ኮረብታ ቁልቁል ስትመለከቱ
ሁለት ወንዝ ይጋባል፣ ሳይለቅ ቀለማቱ፦
አራግቪ ጥርት ያለ፣ ኩራ ደፍረስ ያለ፣
ጎን ለጎን ሄደው ሄደው፣ አንዱ ባንዱ ዋለ።
ስሙ ኩራ ይለኛል፤ እኔም ኮራሁበት፣
መዲናው የሚያየው እኛ የታጠብንበት!

(እዚህ ጋ ይስቃሉ። የሳቀ ሰው ጉርሻ አይነፍግም።)

አልዋሽም ግን፣ ያምራል። በምሽት ስደርስ
መታጠቢያ ቤቶቹ፣ መሬት ላይ እንደተደፋ ገንቦ፣
ከጉልላታቸው እንፋሎት ይተነፍሳሉ፤
ዲን የሚሸት መንደር፣ ግን ሞቅ ያለ።
የእንጨት ሰገነቱ ከግድግዳው ወጣ ብሎ
የጎረቤት ወሬ ያዳምጣል፣
ከላይ ምሽጉ፣ በሽቦ የምትንጠለጠል ሳጥን ውስጥ
ፍቅረኞች ተሳፍረው፣ ከተማውን ሳያዩት ያልፋሉ።

እዚያ ነው የምትሠራው ናቴላ፣ ልጄ፣
ሳሙና እየሰጠች፣ ፎጣ እየቆጠረች።
«ለአንድ በጋ ብቻ» ብላ ወጣች ከቤት፤
በጋው ይኸው ሆነው፣ ድፍን ስድስት ዓመት።
«ቅርብ እኮ ነው፣ አባ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ!»
ንጉሡም ይህንኑ ሳይል አይቀርም፣
እግሩን ውሃ ውስጥ እንደነከረ።

ባለፈው ረቡዕ፣ ዲዱቤ መናኸሪያ፣
ጸጉሯ እንደረጠበ፣ ከሰልፉ መጨረሻ
ተራዋ ሲደርስ፣ ሳቋን እንደምንም ውጣ፣
«ምጽኬታ ስንት ነው?» አለችኝ።
እኔም ቀልድ አላጣም።
«ለዋና ከተማ ሰው እጥፍ ነው» አልኳት፣
«ላገሩ ልጅ በነጻ።»

ቦርሳዋን ከፈተች።
አንድ በአንድ ቆጥራ፣
እጥፉን ሰጠችኝ።

ተቀበልኩ። ሹፌር አይደለሁ?
ከሌላው ገንዘብ ጋር ግን አልቀላቀልኩትም፤
መሪው ፊት ለፊት፣ ጆሮዋ በተሰበረ ስኒ ውስጥ ነው።
ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ
ይንኳኳል፣
ዲን ዲን ይሸታል።